የእማዬ ቁስል ለምን አልሽር አለ?

እማዬ ተጣማ ተቀመጠች። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፀጉር ቤታችን ውስጥ፣ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ አጠገብ፣ አንዲት ክብ በርጩማ አለች። ደንበኛ ሲሳሳ እማዬ እሷ ላይ ቁጭ ትላለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል በርጩማዋ ዙፋኗ ናት፤ ስትቀመጥም እንደ ንግሥት ነው፣ ወገቧን ቀጥ፣ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ጣል። የዚያን ሰኞ ግን ከሄደችበት ተመልሳ ስትቀመጥ ወደ ግራ ዘመም አለች፤ ቀኝ ጎኗ በርጩማውን እንዳይነካው የፈራች ይመስል። አየኋት። ያላየሁ መስዬ ስልኬን መነካካት ቀጠልኩ። ከዚያ ወለል ላይ የወደቀ ቢጎዲን የማነሣ መስዬ በአጠገቧ አለፍኩና አሸተትኳት።

የእማዬን ሽታ ዓይኔን ብታስሩኝ እለየዋለሁ፤ የፀጉር ቅባት፣ በፔስትራ የጋለ ፀጉር፣ ትንሽ የሻምፖ ሎሚ። ያን ቀን በዚያ ሁሉ መሃል አልኮል ሸተተኝ። የሚጠጣው አይደለም። ሐኪም ቤት በጥጥ ነክረው ቆዳ ላይ የሚያሹት፣ ገና አፍንጫዬ ሲደርስ አልቅሺ አልቅሺ የሚለኝ አልኮል ነው።

«ምን ታሸቺኛለሽ? ውሻ ነሽ?» አለችኝ።

«የት ነበርሽ?»

«ባንክ።»

ባንክ አልኮል አይሸትም። ማለቴ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ።

ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ መጨረሻውን ስለማውቀው። ያኔ ግን እንኳን ደስታ፣ ምሳዬም በወጉ አይወርድልኝም ነበር። ምክንያቱም እማዬ ሆዷ ውስጥ የማይሽር ቁስል ነበራት፣ እኔም የማይሽርበትን ምክንያት ያወቀ ሰው አላገኘሁም ነበር፣ እማዬ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ ባንክ ትመላለስ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እኔና እማዬ ሁለታችን ብቻ ነን። ፀጉር ቤታችን ድሮ ካዛንቺስ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ መስታወቱን፣ ካስኩንና ከብረት የተሠሩትን ረዣዥም የደንበኛ ወንበሮች በአይሱዙ ጭነን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንድ ጠባብ ክፍል ገባን። አዲስ ቦታ አዲስ ደንበኛ ማለት ነው። አዲስ ደንበኛ ደግሞ አይታገስም፤ አንድ ቀን በሩ ተዘግቶ ካገኘው በነጋታው መስቀል ፍላወር ሄዶ ይሠራል። ስለዚህ እማዬ እጇን ከጠዋት እስከ ማታ አንስታ ፎን ታደርጋለች። አጭር ናት፣ ወንበሮቹ ረጃጅም ናቸው፣ ክንዷ ሁልጊዜ ከትከሻዋ በላይ ነው። ትከሻዋ ይጮህባታል። እሷ ደግሞ ትከሻዋን ዝም የምታሰኝበት ነገር በሽርጧ ኪስ ነበራት፤ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን። እንደ ከረሜላ ነበር የምትወስደው። ደንበኛ ስትታጠብ አንድ፣ ካስክ ስር ስትገባ ደግሞ አንድ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የሙሽራ እህት ፀጉር በፔስትራ እየሠራች ፊቷ አመድ መሰለና ቁልቁል ሄደች። ፔስትራው አንድ ቦታ፣ እሷ አንድ ቦታ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ደም ሰጧት። ከዚያ በአፏ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው አዩ፤ ከጨጓራዋ ዝቅ ብሎ፣ ትንሹ አንጀት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁስል አለ፣ ቁስሉም ደምቷል ተባለ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። «ያደማዎት ኪኒኑ ነው። የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ከእንግዲህ የለም። አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፣ በጥቂት ሳምንት ይሽራል። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ካዩ ግን ደምቷል ማለት ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ሁለተኛ ከደማ እንደዚህ ቀላል አይሆንም» አለቻት።

እማዬ ቤት ስትገባ የሽርጧን ኪስ ፊቴ ገልብጣ ያለውን ኪኒን ሁሉ ጣለችው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እሷ ልብስ ስትቀይር ኪሷን መፈተሽ ሥራዬ አደረግሁት። አንድም ቀን አንድም ፍሬ አላገኘሁም። የታዘዘላትን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ስትውጥ ቆሜ አያለሁ። «አፍሽን ክፈቺ» ብያት አውቃለሁ። «ሂጂ ወዲያ፣ የእስር ቤት ጠባቂ!» ብላ ፎጣ ወረወረችብኝ።

ስለዚህ ለቀጠሮ ተመልሰን፣ በካሜራ ታይታ፣ ዶክተሯ ፎቶውን ይዛ «አልሻረም» ስትለን እኔ ላይ የጣሪያው ጣውላ የወደቀ ያህል ነበር። ዶክተሯም ግራ ገብቷታል።

«ባክቴሪያ የለብዎትም፣ መርምሬያለሁ። መድኃኒቱን በትክክል ወስደዋል?»

«ልጄ ቆማ ነው የምታስውጠኝ።»

«ማስታገሻ ኪኒንስ?»

«ቂርቆስን! ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ፍሬ ኪኒን በአፌ አልዞረም!»

እዚህ ላይ ስለ እማዬ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እማዬ ትዋሻለች። ካስክ ስር ላለች ሴት «ደርሶልሻል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» ትላታለች፣ ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ተከታታይ ድራማ ታያለች። በቂርቆስ ምላ ግን ዋሽታ አታውቅም። ደወሉ በሚሰማበት ሰፈር እየኖሩ በእሱ መዋሸት እማዬ የምትደፍረው ነገር አይደለም። ስለዚህ ኪኒን እንዳልዋጠች አመንኩ። ካልዋጠች ታዲያ ቁስሉን ማን ነው የሚከፍተው?

በቃ፣ ሁሉም ሰው ተጠርጣሪ ሆነብኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሹሩባ ሠሪያችንን ነው። ከወሎ የመጣች፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ምላሷ ከጣቷ የሚፈጥን ልጅ ናት። ምሳ ይዛ የምትመጣው ቃሪያ የተጠቀጠቀበት ነገር ነው፤ እማዬንም «አንዴ ቅመሺ እትዬ» ትላታለች።

«ቃሪያሽ ነው» አልኳት።

«ቃሪያዬን ተይው! ወላሂ እኔ ብሆን የምጠረጥረው መድኃኒቱን ነው። ፎርጅድ ዊግ አለ፣ ፎርጅድ ሂውማን ሄር አለ፣ ፎርጅድ መድኃኒት የማይኖርበት ምን ምክንያት አለ?»

ይሄ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ። የመድኃኒቱን ካርቶን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄድኩና አሳየሁ። ፋርማሲስቱ አገላብጦ አይቶ «ደህና ነው» አለኝ። እሱንም ጠረጠርኩት፤ በጣም ቶሎ ነው ደህና ነው ያለው። ዶክተሯንም ጠርጥሬያለሁ። የሌላ ሰው ፎቶ አይታ ቢሆንስ? አንጀት እንደሆነ አንጀት ነው፣ ፊት የለው።

የበርጩማዋ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ከዚያ ሰኞ በኋላ በደንብ ማየት ጀመርኩ። ሰኞና ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ በሚሳሳበት ሰዓት፣ እማዬ ሽርጧን አውልቃ ነጠላዋን ጣል አድርጋ «ባንክ ደርሼ ልምጣ» ትላለች። ስትመለስ አልኮል ትሸታለች፣ ተጣማ ትቀመጣለች፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ሌላ ደግሞ አለ፤ ማታ ማታ ሰሐን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የሚያቅተው ክንዷ በማግስቱ ፎኑን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ትከሻዋን እያሻሸች «እፎይ» ትላለች። እንዲያውም ታንጎራጉራለች።

«ታንጎራጉራለች?» አለች ሹሩባ ሠሪያችን፣ ዓይኗ እየበራ። «ነጠላ ለብሳ ወጥታ፣ ሽቶ ሸትታ ተመልሳ፣ ታንጎራጉራለች? አንቺ የዋህ! እትዬ ሰው ይዛለች!»

«አልኮል ነው የምትሸተው!»

«ሰውየው ነርስ ይሆናላ።»

ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ጉድፍ ዓይኔ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ሐሙስ፣ እማዬ ነጠላዋን ስታነሣ፣ እኔ ቀድሜ ወጣሁና ከሱቁ ጎን ቆምኩ። ወጣች። ተከተልኳት።

አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው መከተል እንደ ድሮው አይደለም። መንገዱ ሰፍቷል፣ ሱቅ በደረቴው ተነስቷል፣ የጀበና ቡናው ጃንጥላ የለም። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ጥሩ ነው፣ ለሰላይ ግን ምንም አይመችም። እማዬ ዞር ባለች ቁጥር የምደበቅበት ስለሌለኝ አጎንብሼ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ክር የለውም ጫማዬ። አንድ ጎልማሳ ቆም ብለው አዩኝና «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉኝ። «እናቴ» ልላቸው ነበር።

ባምቢስን አልፋ ወደ ካዛንቺስ ወጣች። እዚያ ልቤ ትንሽ ፈራ። የድሮው ፀጉር ቤታችን የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ከአጥሩ በላይ ክሬን ብቻ ነው የሚታየው። እማዬ ወደ አጥሩ ዞር ብላም አላየች። ሳይፈርስ የቀረ አንድ መደዳ አለ፤ እሱ ጋ ደርሳ፣ ነጭ መጋረጃ ያለበት በር ገልጣ ገባች።

ቤቱን አወቅሁት! የጋሼ ቤት ነው። ጋሼ የሰፈራችን መርፌ ወጊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ ነጭ ጋዋናቸውን ቅዳሜም እሁድም የማያወልቁ። የካዛንቺስ ሰው ሁሉ «የእሳቸው እጅ ቀላል ነው» ይላል። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ በኋላ እንኳ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ እሳቸው ጋ ሊወጋ የሚመጣ አለ። እኔንም በልጅነቴ ወግተውኛል። እጃቸው ቀላል አይደለም፤ ይህን የምለው በቂም አይደለም።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። እማዬ ቀሚሷን እያስተካከለች፣ ጋሼ ጥጥ እየጣሉ ነበር።

«አንቺ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«አንቺስ? ባንክ ነው እንዴ ይሄ?»

ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ይቺ ያቺ ነካሿ ልጅ ናት? አድጋ የለ እንዴ!»

አዎ፣ ነክሻቸው ነበር። «የምንድን ነው መርፌው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የትከሻዋ ነው። ምነው?»

ጠረጴዛው ላይ ጫፏ የተሰበረች ትንሽ ብልቃጥ ነበረች። አነሣኋት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግቼ አነበብኩ። ስሙን ከሽርጧ ኪስ አውቀዋለሁ። ዲክሎፌናክ።

«እማዬ! ይሄኮ ያ ነው! ዶክተሯ የከለከለችሽ ነው!»

«የከለከለችው ኪኒኑን ነው» አለች እማዬ፣ ፍጹም ረጋ ብላ። «ኪኒን ይዋጣል፣ ሆድ ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ይልጣል። ይሄ በአፌ አልገባ፣ በጉሮሮዬ አልወረደ። በዳሌዬ ገብቶ ትከሻዬ ይሄዳል በቃ። ሆድ የሚባል ነገር እንዳለኝም አያውቅ!»

«ልክ ነው» አሉ ጋሼ። «ጨጓራ አለብኝ ስላለችኝ እኮ ነው ኪኒን ትቼ በመርፌ ያደረግሁላት። ያሰብኩላት እኔ ነኝ።»

ታዲያ አልዋሸችም! ቂርቆስን ብላ የማለችው እውነት ነበር፤ ኪኒን አልዋጠችም። ባንክ ያለችኝ ደግሞ መርፌ ካለች ነዝንዤ እንደማስተዋት ስለምታውቅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለትንሽ ጊዜ እኔንም አሳመኑኝ። ሆድ የታመመ ሰው መርፌ ይሻለዋል ሲባል ከልጅነቴ ስሰማ ነው ያደግሁት። ለማንኛውም ብዬ ብልቃጧን በጥጥ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ጋሼ «ምን ያደርግልሻል?» ሲሉኝ «ለትምህርት ቤት» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ በዓይናቸው አወቅኋቸው፣ በእሳቸው በኩልም መጠርጠር ተጀምሯል ማለት ነው።

ቁልቁል ወደ ቂርቆስ ስንመለስ እማዬ አንዷን እግሯን እየጎተተች፣ እኔ እያሰብኩ። ባምቢስ ጋ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝና ቆምኩ።

«እማዬ፣ መርፌው ከዳሌሽ ተነስቶ ትከሻሽ የሚደርሰው በየት በኩል ነው?»

«በየትስ ቢሆን? በደም ነዋ።»

«ደሙ ሆድሽ ጋ አይደርስም? ታክሲ እንኳ እኮ መሃል ላይ ሰው ያወርዳል።»

«ተራመጂ፣ ካስክ ስር ሰው ትቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ፊቷን ግን አየሁት፤ ጥያቄው ገብቷታል። ሱቃችን በር ላይ ስንደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ስሚኝ የኔ እመቤት። ይሄ ክንድ ካልተነሣ በሩ ይዘጋል። አሁን ገና ነው ሰው የለመደን። ለዶክተሯ ሄደሽ ትለፈልፊና ይሄንንም ትከለክለኛለች፤ ከዚያ በምን ልሠራ ነው?»

ሽርጧን አቀበልኳት። ከሁሉ የጠላሁት ያንን ማቀበሌን ነው፤ ምክንያቱም እሷም ልክ ነበረች። አንድ በኩል ቁስሉ፣ አንድ በኩል ክንዷ። ሁለቱም እኛው ነን።

ቅዳሜ ጠዋት የግቢያችን ሽንት ቤት በር ላይ ጥርስ እየፋቅሁ ቆሜ ነበር። እማዬ ገብታ ቆየች። ከሚገባው በላይ ቆየች። ስትወጣ ግድግዳውን በእጇ ይዛ ነው፤ ፊቷ ያን ቅዳሜ፣ ፔስትራው ከእጇ ሲወድቅ የነበረውን መልክ ይዟል።

«ጠቁሯል?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ታውቂዋለሽ ምኑን እንደሆነ።»

«አልጠቆረም። ሂጂ አፍሽን ተጉመጥመጪ።»

«ቂርቆስን በይ።»

እማዬ አየችኝ። አፏ ትንሽ ተከፈተ። ከቤተ ክርስቲያኑ የቅዳሴ ድምፅ እየመጣ ነበር፣ ጎረቤታችን ልብስ ታሰጣለች፣ የሆነ ልጅ ኳስ እየመታ ነው። እማዬ አፏን መልሳ ዘጋችው።

ሌላ አልጠየቅኋትም። ነጠላዋን አመጣሁላት። ሹሩባ ሠሪያችንን ደውዬ «ሱቁን ክፈቺ» አልኳት። «ምን ተፈጠረ?» ስትለኝ «ሰውየውን አግኝቼዋለሁ፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ብያት ዘጋሁ። ታክሲ ውስጥ እማዬ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። አልኮል አይደለም የሸተተችው፤ ምንም አትሸትም ነበር። እሱ ደግሞ ከአልኮሉ ባሰኝ።

ዶክተሯ እማዬን አስተኝታ በቱቦው እንደገና አየች፤ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ትንሽ እየደማ አግኝታ እዚያው አቆመችው። «ጥሩ ሰዓት ነው የመጣችሁት» አለች። እኔ ከቦርሳዬ ጥጡን አውጥቼ ፈታሁና ብልቃጧን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። ዶክተሯ አነበበችው። ከዚያ እማዬን አየቻት፤ ሳትቆጣ።

«ይሄን የሚወስዱት ቆይቷል?»

«ኪኒኑን ከጣልኩ ወዲህ ነው። ግን ኪኒን አይደለም እኮ ዶክተር» አለች እማዬ፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ ድምጿ እንደ ሕፃን። «በዳሌ ነው።»

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የዚያን ዕለት የነገረችንን ቃል በቃል ባይሆንም አልረሳውም። ሰውነታችን ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር አለ አለችን። ይሄ ነገር ትከሻ ሲጎዳ እዚያ ሄዶ ይጮሃል፤ «አመመኝ» የሚያሰኘን እሱ ነው። ያው እሱ ግን አንጀት ጋ ሌላ ሥራ አለው። የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን በዝልግልግ ነገር ይለብጣል፣ ደም በደንብ እንዲደርሰው ያደርጋል፣ ቁስል ሲኖር ደግሞ በዳር በዳር ያሉት ጤነኛ ሴሎች ቀስ ብለው እየተሳቡ ቀዳዳውን እንዲሸፍኑት ያግዛል።

«ዲክሎፌናክና ዘመዶቹ የሚያደርጉት ይህንን ነገር እንዳይመረት መዝጋት ነው። ትከሻዎ ላይ የሚጮኸውን ዝም ያሰኙታል፤ አንጀትዎ ላይ የሚጠግነውን ደግሞ አብረው ያባርሩታል። ለይተው አያውቁም። በአፍ ቢገባ፣ በዳሌ ቢገባ፣ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ያው አንድ ነው። ኪኒኑ ሲዋጥ በመንካቱም ይጎዳል፣ እሱ እውነት ነው፤ ዋናው ጉዳት ግን በደም የሚመጣው ነው። እኔ በጠዋት መድኃኒት ሰጥቼ ቁስሉ ሊዘጋ ሲጀምር፣ መርፌው መጥቶ ጠጋኞቹን ይበትናል። አንጀትዎ ሰነፍ ሆኖ አይደለም ያልሻረው።»

እማዬ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበችና «እኔ ኪኒን ብቻ ነው የመሰለኝ» አለች።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች ዶክተሯ። «ኪኒን ነው ያልኩዎት። መርፌ አላልኩም። ይሄ ከተማ መርፌ እንደሚወድ ማስታወስ ነበረብኝ።»

ይሄን ጊዜ ነው ዶክተሯን ከተጠርጣሪነት የሰረዝኳት።

ትከሻው ግን ቀረ። ዶክተሯ ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ሙቅ ፎጣ፣ እና የአካል እንቅስቃሴ አዘዘችላትና «ክንድዎን ከትከሻ በላይ ሳያነሡ መሥራት አይችሉም?» አለቻት። እማዬ በዚያ ሁሉ ድካሟ ሳቀች።

«ፀጉር እኮ ራስ ላይ ነው ያለው ዶክተር!»

ይህንን ለሹሩባ ሠሪያችን ስነግራት መጀመሪያ ስለ ፕሮስታግላንዲን ሰምታ «የፈረንጅ ሽቶ ነው የሚመስለው» አለች። ከዚያ ወንበሮቹን አየቻቸው። ከካዛንቺስ የመጡትን፣ ብረት እግር ያላቸውን፣ እማዬ ለዓመታት እንደ ተራራ ስትወጣቸው የኖረችውን።

«ክንዷ ካልወጣ የደንበኛዋን ራስ እናወርደዋለና!» አለች።

እማዬ ገና ሐኪም ቤት ተኝታ እያለች ወንበሮቹን እየተጋገዝን ጥግ ላይ ያለው በያጅ ጋ ወሰድናቸው። በያጁ «የማን ወንበር ነው ደግሞ የሚቆረጠው?» አለና ሳቀብን፤ ቢሆንም እግራቸውን ቆርጦ፣ ጫፉን ሞርዶ፣ ላስቲክ አልብሶ ሰጠን። እማዬ ተሽሏት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። እንኳን ደህና መጣሽ የለ፣ ምን የለ።

«እናንተ! ወንበሮቼን ምን አደረጋችኋቸው? የአፀደ ሕፃናት አስመሰላችሁት!»

ደንበኞችም መጀመሪያ አጉረመረሙ። አንዷ «ጉልበቴ አገጬን ነካው» አለች። ግን እማዬ ከኋላ ቆማ ክንዷን ከደረቷ ሳታሳልፍ ፎን ማድረግ ስትጀምር፣ ከባዱን ፎን ደግሞ ሹሩባ ሠሪያችን ስትቀበላት፣ ሥራው ተቃና። ትከሻዋ አሁንም ያማታል። አይጮህም፣ ያጉረመርማል። ጋሼን ደግሞ ሄጄ ዶክተሯ ያለችውን ነገርኳቸው፤ ሰሙኝና «እንግዲያስ ጨጓራ ያለባቸውን ሁሉ ሐኪም ጠይቁ እላለሁ» አሉ። የሚሉ ከሆነ። እሱን ገና አላጣራሁም።

ባለፈው ለቀጠሮ ሄደን ነበር። ዶክተሯ የፊቱንና ያሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጠች። የፊተኛው ላይ ነጭ ጉድጓድ፣ ዙሪያው ቀይ። ያሁኑ ሮዝ ነው። ለስላሳ፣ እርጥብ፣ ሮዝ፤ መሃሉ ላይ ብቻ ስስ መስመር አለች፣ ፀጉር የተከፈለበት ቦታ የመሰለች።

«ሽሯል» አለች ዶክተሯ።

እማዬ አለቀሰች። እኔ ፎቶውን አነሣሁት። «የእሷ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ዶክተሯ እየሳቀች ጠርዙ ላይ የታተመውን የእማዬን ስም በጣቷ አሳየችኝ። ስሙን ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ እኔም አለቀስኩ፤ በእኔ ለቅሶ ደግሞ እማዬ ሳቀች።

ትናንት ሰኞ ነበር። ከምሳ በኋላ ደንበኛ ሳሳ። እማዬ በርጩማዋ ላይ ቀጥ ብላ፣ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ቆየችና ተነሥታ ሽርጧን አወለቀች። ነጠላዋን አነሣች።

«ባንክ ደርሼ ልምጣ።»

እኔና ሹሩባ ሠሪያችን ተያየን።

«ቂርቆስን በይ» አልኳት።

«ቂርቆስን! ባንክ ነው!» አለችና አንገቷን ወደ እኔ ሰጠች። «ይኸው አሽቺ!»

ቅባት፣ የጋለ ፀጉር፣ ሎሚ። ለቀቅኋት። ከዚያ... በቃ ምን ላድርግ፣ ተከተልኳት። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መደበቂያ የለም፣ ስለዚህ መሃል መሃሉን ሄድኩ። እውነትም ባንክ ነው። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች፣ አየችኝ፣ ራሷን ነቀነቀችና ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ክንዷን አየሁት። ከትከሻዋ በላይ አልወጣም።

ያኔ አመንኳት።